"60 ጊዜ ያቀርባል" የተባለው መነጽር ናላ ሲያዞር

የዚህ ሳምንት ፖስታችን እንደተለመደው በፍቅር ጣጣ፣ በኩርፊያና በ"ምን ይሻለኛል" ተሞልቷል። እነሱ ይቆዩን። አንዲት ደብዳቤ ግን ከሁሉም ለየት አለችብኝና ዛሬ ገጹን ሙሉ ለእሷ ልሰጥ ነው። ከእንፍራንዝ የመጣች ናት። እንፍራንዝን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ ዋናው መንገድ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። ከአጠገቧ ጉዛራ የሚባለው የአፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ኮረብታ ላይ ቆሞ ጣናን ከሩቅ ያያል። ጎንደር ገና ሳትቆረቆር፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ማለት ነው፣ ንጉሡ የሚከርሙት በዚያ በኩል ነበር።

ጠያቂያችን (ስሙ ይቆይ) እንዲህ ይላል።

"ዕድሜዬ 23 ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ቋሚ ሥራ የለኝም። እንግዳ ሲመጣ ጉዛራ አውጥቼ ታሪኩን እነግራለሁ፣ ወደ ጣና ዳርም ወርጄ ወፎች አሳያለሁ። የማገኘው ያችኑ ነው። እህቴ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ዘንድሮ ለጥምቀት ልትመጣ ነውና 'አንድ ነገር ብቻ ልያዝልህ፣ ምን ይሁን?' አለችኝ። የጦር ሜዳ መነጽር አልኳት። አሁን ያለኝ አባቴ የተወልኝ የራሺያ መነጽር ነው፤ 8 ጊዜ ብቻ ነው የሚያቀርበው። አምስት ደቂቃ ካየሁበት ራሴን ይወቅረኛል፣ የማየውም ነገር ሁለት ሁለት ይሆንብኛል። እህቴ 60 በ 60 የሚል፣ 'ማታም ያሳያል' የተባለ መነጽር አግኝታለች። ሌላ 25 በ 100 የሚባል ትልቅም አለ። የዚህኛው ዋጋ የሁለት ወር ደሞዟ ነው። እንግዶቼን ጉዛራ ላይ አቁሜ የዘጌን ገዳማት ባሳያቸው ስሜ ይጠራል ብዬ አስባለሁ። ጓደኞቼ 'ትልቅ ቁጥር ያለውን ያዝ፣ ፋራ አትሁን' ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?"

ወንድሜ፣ የሁለት ወር ደሞዝ ማለት ስንት ምንጣፍ፣ ስንት መስኮት፣ ስንት ሌሊት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ዋዛ አናልፈውም። ባጭሩ ልንገርህ፦ 60ውን ተወው። 25 በ 100ውንም አሁን ተወው። ለምን? እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር።

መነጽር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። 8 በ 42 ካለ፣ 8 ማለት ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው። 800 ሜትር ላይ ያለችውን ፍየል 100 ሜትር ላይ እንዳለች አድርጎ ያሳይሃል። 42 ደግሞ የፊት ለፊቱ ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ብርሃን የሚገባበት በር በለው። አራዶቹ ጓደኞችህ የሚያዩት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው። ግን ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍለው የሚወጣው ቁጥር ነው ዋናው ሚስጥር። 42 ለ 8 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር ከምናምን ይመጣል። ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ክብ ያን ያህል ሰፊ ነው ማለት ነው። የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ወደ 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ትጠባለች፣ በጨለማ የወጣት ዓይን እስከ 7 ሊከፈት ይችላል። እንግዲህ 60 ለ 60 አካፍለው። 1 ሚሊ ሜትር! እውነት 60 ጊዜ ቢያቀርብ እንኳ ማታ ሊያሳይህ ቀርቶ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲጥልም ድንግዝግዝ ነው የሚልብህ። "ማታም ያሳያል" ያለው ሻጭ አካፋፍሎ አያውቅም፣ ወይም አንተ እንዳታካፍል ይጸልያል።

"እውነት ቢያቀርብ" ያልኩት ለነገር ነው። ገበያ ላይ ሞልተው ከሚገኙት ርካሽ "60 በ 60"ዎች ብዙዎቹ የሚያቀርቡት እንደማንኛውም ትንሽ መነጽር ነው፤ ቁጥሩ የተጻፈው ለሽያጭ ነው። ይሄን ማረጋገጥ ደግሞ የአምስት ሣንቲም ወጪ የለውም። መነጽሩን ክንድህን ዘርግተህ ከዓይንህ አርቅና የፊቱን ሌንስ ወደ ብሩህ ሰማይ አዙረው፤ ወደ ፀሐይዋ ግን አይደለም! በዓይን በኩል ባለው ሌንስ ላይ ትንሽ ብሩህ ክብ ታያለህ። ማስመሪያ አስጠግተህ ለካት። 60 በ 60 ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆን አለባት። 5 ሆና ካገኘሃት መነጽሩ 12 ጊዜ ገደማ ነው የሚያቀርበው፤ ቀሪው 48 የሻጩ ምርቃት ነው። ክቧ ክብ መሆኗ ቀርቶ ጠርዟ እንደ አራት ማዕዘን የተቆረጠ ከመሰለችም ውስጡ ያለው መስታወት ርካሽ ነውና ልብ በል።

አሁን ወደ ራስ ምታትህ እንምጣ። የደብዳቤህ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው፣ አንተ ግን በአንድ መስመር ነው ያለፍከው።

የአባትህ መነጽር የሚያምህ 8 ስለሚያቀርብ አይደለም። የጦር ሜዳ መነጽር ማለት ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ቴሌስኮፖች ናቸው። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ፕሪዝም የሚባሉ ጠርብ መስታወቶች አሉ፤ የተገለበጠውን ምስል የሚያቀኑት እነሱ ናቸው። (ይሄን ዘዴ ኢጣሊያዊው ኢኛትስዮ ፖሮ በእ.ኤ.አ. 1854 በስሙ አስመዘገበው፤ የጀርመኑ ዛይስ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1894 ጀምሮ እየሠራ ለገበያ አወጣው። የአንተም የራሺያ መነጽር የዚያው ዘር ነው።) መነጽሩ አንዴ ድንጋይ ላይ ከወደቀ፣ ወይም በመኪና ኮፈን ውስጥ ሲንገጫገጭ ከኖረ፣ ፕሪዝሙ የፀጉር ያህል ይንሸራተታል። ከዚያ ቀኝ ቱቦ አንድ ቦታ፣ ግራ ቱቦ ሌላ ቦታ ያያል። አእምሮህ ደግሞ ሁለቱን አንድ ለማድረግ ይታገላል። ዓይኖቻችን ወደ ጎን ትንሽ መሸዋወድ ይችላሉ። አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እይ ሲባሉ ግን አልተፈጠረላቸውም። ያ ትግል ነው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ራስህን የሚወቅርህ።

ልብ በልልኝ፣ መነጽሩ በጨመረ ቁጥር ይሄም ስሕተት አብሮ ይጨምራል። በ8 ላይ ዓይንህ ታግሎ የሚያስታርቀው መዛነፍ በ25 ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆንና ሁለት ገዳም፣ ሁለት ጀልባ፣ ሁለት አሞራ ታያለህ። ርካሽ ትልልቅ መነጽሮች ደግሞ ቱቧቸው ረጅምና ከባድ ስለሆነ ገና በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ ሲመጡ ነው የሚዛነፉት። እህትህ ሁለት ወር ሠርታ ገዝታ፣ ሻንጣ ውስጥ ከትታ፣ ቦሌ አውርዳ፣ በሚኒባስ እንፍራንዝ ድረስ አንገጫግጫ... ሲከፈት ራስ ምታት!

የምታረጋግጥበት መንገድ አለ። ሩቅ ያለ ቀጥ ያለ ነገር ምረጥ፤ የቆርቆሮ ጣራ ጫፍ ወይም የቴሌ ምሰሶ ይሁን። መነጽሩን አንድ ቦታ አስደግፈህ እየው። ከዚያ ዓይንህን ከምስሉ ላይ ሳትነቅል ራስህን ቀስ እያልክ ወደ ኋላ አርቅ፣ አንድ ስንዝር ያህል። የጣራው ጫፍ በሁለቱ ክቦች ውስጥ በአንድ መስመር ከቀጠለ ሰላም ነው። በአንዱ ከፍ በሌላው ዝቅ ካለ ቱቦዎቹ ተጣልተዋል። ሌላው ደግሞ፣ ዓይንህን ለጥቂት ሰከንድ ጨፍነህ በመነጽሩ ላይ ድንገት ክፈት። መጀመሪያ ሁለት ሆኖ ታይቶህ ቀስ ብሎ ከተገጣጠመ፣ የገጠመው መነጽሩ አይደለም፣ አንተ ነህ የምትከፍለው።

ግን መነጽሩን ከመክሰስህ በፊት ዓይንህንም ጠይቀው። ያለ መነጽር አንዱን ዓይን በእጅህ ሸፍነህ ሩቅ ያለ ጽሑፍ አንብብ፣ ከዚያ ሌላውን ሸፍን። አንዱ ከሌላው በጣም ከደከመ ሺህ ብር ይሁን መቶ ሺህ የሚያወጣ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ግማሹ ባዶ ነው። በአገራችን፣ በተለይ በገጠሩ አማራ፣ ትራኮማ ዓይን ያበላሸባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ብዙ ወጣትም አንድ ዓይኑ ደካማ መሆኑን ሳያውቅ ነው የሚያድገው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ትልቅ የዓይን ሕክምና ማዕከል አለው፤ ከእንፍራንዝ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። እህትህ ገንዘቧን ከማውጣቷ በፊት ሄደህ ተመርመር። የልዩነቱ መጠን ትንሽ ከሆነ ደግሞ ችግር የለም። ቀኝ ዓይን ላይ የምትዞር ቀለበት በአብዛኛው መነጽር ላይ አለች። መጀመሪያ በመካከለኛው መዘውር ለግራ ዓይንህ አጥራ፣ ከዚያ ግራውን ሸፍነህ በቀለበቷ ለቀኝህ አጥራ፣ ምልክቷን ያዝ፣ አለቀ። ይህቺን ቀለበት ነክቶ የማያውቅ ስንትና ስንት ሰው "መነጽር አይስማማኝም" ይላል መሰለህ!

"ታዲያ ለምን በአንድ ዓይን የሚታየውን ቴሌስኮፕ አልገዛም?" ትለኝ ይሆናል። ያስኬዳል። ወፍ ተመልካቾች የሚይዙት ከ20 እስከ 60 የሚያቀርብ ባለ አንድ ቱቦ አለ። የሚዛነፍበት ጓደኛ ቱቦ ስለሌለው ከፍ ላለ ቁጥር ከርካሽ ባለ ሁለት ዓይን ይልቅ የሚታመን እሱ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰዓት ለሚቆም ሰው ሁለት ዓይን ሌላ ነው። አእምሮ ሁለቱን ምስል ሲያዳምር ደብዛዛው ነገር ይጎላል፣ ዓይንም አይደክምም። በአንድ ዓይን ስታይ ሌላውን ጨምድደህ መጨፈን ነው የሚያደክምህ፤ በመዳፍህ ሸፍነው እንጂ አትጨፍነው። የዚህ ዘዴ ጥቅም ለእንግዶችህም ይደርሳል፣ ንገራቸው።

አሁን ደግሞ ስለ ዘጌ። ይቅርታህንና፣ ሐሳብህ ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። ከጉዛራ እስከ ዘጌ ጣናን አቋርጦ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በስሌት 60 ጊዜ ቢቀርብ አንድ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሊመስልህ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል! ነገር ግን መነጽሩ ገዳሙን ብቻ አይደለም የሚያቀርበው። በመሐል ያለውን አየር፣ አቧራውን፣ ጭሱንና የውሃውን እንፋሎትም 60 ጊዜ ነው የሚያቀርበው። በፎገራ ሜዳ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን መሬቱ ግሎ አየሩ እንደ ምጣድ እንፋሎት ሲንቀለቀል አይተህ የለም? ያን ጊዜ በ30 ብታይ በ60 ብታይ የምታየው የሚጨፍር ጭጋግ ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም፤ ወፍራሙን አየር ከሥር ለመተው ነው።

ስለዚህ ሰዓት ምረጥ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አየሩ የረጋ ነው፣ ፀሐይም ከኋላህ ናት፤ ጣና ከእንፍራንዝ ወደ ምዕራብ ነዋ። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ በሐይቁ በኩል ትገባና ፊት ለፊትህ ትሆናለች። ይሄ ከማስጨነቅ አልፎ አደጋ ነው። በመነጽር ፀሐይን ለአንድ አፍታ ማየት ዓይን ያጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በላሊበላ ሰማይ ላይ በተጋረደች ጊዜ ሰው ሁሉ ልዩ መነጽር ሲፈልግ ነበር። የማታዋ ፀሐይ "ቀዝቅዛለች" ብሎ እንግዳህ መነጽሩን ወደ እሷ ሲያዞር ካየህ እጁን ያዘው፣ አትፈር። ከዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው አየር የጠራ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ጭጋጉና ጭሱ ይበዛል።

መንቀጥቀጡን ረሳሁት እንዴ? እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቡና ጠጥተህ ኮረብታ ከወጣህ ደግሞ ይብሳል። መነጽር ንቅጥቅጡንም አብሮ ያበዛዋል። ለዚህ ነው ወፍ የሚያዩ ሰዎች 8 ወይም 10 ላይ የሚቆሙት፤ ከ10 እና 12 በላይ በእጅ ይዞ ማየት ከባድ ነው። ካኖን ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ ንቅጥቅጥን በባትሪ ኃይል የሚያረጋ መነጽር ይሠራል፣ ግሩም ነገር ነው፣ ዋጋው ግን እህትህን ሌላ ዓመት ያስቀራታል። 25 በ 100 ደግሞ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንገትህ ላይ አንጠልጥለው ጉዛራን ስትወጣ ራስህን ጠይቅ። ያለ ጠንካራ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ምንም አይሠራም። ለፎቶግራፍ የሚሸጠው ቀጫጭኑ ደግሞ አይችለውም፣ ነፋስ ሲመጣ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። በዚያ ላይ ሲያቀርብ የሚያሳየው ቦታ ይጠባል። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው ወደ ጣና ዳርና ወደ ፎገራ የሚወርዱት ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ከመሬት ሲነሱ በ25 ተከትለህ ልትይዛቸው? ክንፍ ታያለህ፣ ከዚያ ሰማይ፣ ከዚያ ምንም። እንግዳህም "የታሉ?" ይልሃል።

እንግዲህ ምርጫዬ ይኸው። ለአንተ ሥራ 10 በ 42 ወይም 8 በ 42፣ ከታወቀ ፋብሪካ፣ ውሃ የማያስገባ። ክብደቱ ኪሎ አይሞላም፣ ዝናብና ጤዛ አይገድለውም፣ እንግዳ ተቀባብሎ ያይበታል። እኔን ከጠየቅከኝ 8ቱን እመርጣለሁ። እንግዶችህ ብዙዎቹ መነጽር ይዘው የማያውቁ ናቸው፤ 8 ቶሎ ያገኝላቸዋል፣ አያንቀጠቅጥባቸውም። ከሰሜን ተራሮች እስከ ጣና ወፍ ፍለጋ የሚመጡት ፈረንጆች አንገት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታየው ይሄንኑ ነው። ከጠዋቱ ጋር ከጉዛራ ብታይበት የሐይቁን ጠርዝ፣ ማሳውን፣ ጥምድ በሬውን፣ በአጠገብህ የሚዞረውን አሞራ ላባው ድረስ ያሳይሃል። "ሩቅ ብቻ ነው ሥራዬ፣ አንድ ቦታ ቆሜ ነው የማሳየው" ካልክ 15 በ 70 ከጠንካራ ማቆሚያ ጋር ይሁን፤ ማታ ጨረቃንና የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ታሳይበታለህ፣ ለጎንደር ሰማይ ይበቃል። ከዚያ አልፈህ 20 በ 80 እና 25 በ 100 የምትገባው ሥራው ገንዘብ ካመጣ በኋላ፣ በራስህ ብር ነው። ከ10 እስከ 30 "ዙም" የሚያደርግ ባለ ሁለት ዓይን የሚባለውንም እለፈው። ሁለቱ ቱቦዎች እኩል ዙም ማድረግ ስላለባቸው መዛነፍ ለእሱ የዕለት እንጀራው ነው። በነገራችን ላይ እንግዳህ የዓይን መነጽር ካደረገ፣ በዓይን በኩል ያለው ጎማ የሚታጠፍ ወይም የሚሽከረከር፣ የዓይን ርቀቱም 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ይመረጥ።

የአዲስ አበባ ልጆች ሆይ፣ ይህን ሁሉ አንብባችሁ "እኔም ለኮንዶሚኒየሙ በረንዳ..." ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የፊት ለፊት ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ መጋረጃ የሚያስፈልገው መነጽር ስንት በስንት እንደሆነ በዚህ ዓምድ አልመልስም። ልጅቷን ከወደድካት ደረጃውን ወርደህ ሰላም በላት።

ወደ እንፍራንዙ ወንድሜ ልመለስ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ የጦር ሜዳ መነጽር ስሙ ራሱ የጦር ሜዳ ነው። ወደ አገር ሲገባ ጉምሩክ ላይ የተያዘባቸው መንገደኞች አሉ። እህትህ ከመግዛቷ በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቃ ትወቅ፣ ደረሰኙንም ከዕቃው ጋር ትያዝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ከበረታ ወዲህ ደግሞ መነጽር አንጠልጥሎ ኮረብታ ላይ የሚቆም ወጣት በሁለቱም በኩል "ምን እያየ ነው?" ሊባል ይችላል። የቀበሌውን ሰዎች፣ የግንቡን ጠባቂዎች፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስቀድመህ አስታውቅ፤ እነሱም ይዩበት። ካምፕ፣ ኬላና ድልድይ ባለበት አቅጣጫ ከቦርሳህ አታውጣው። ቀኑ ካላማረህ እቤት ተወው፣ ወፎቹ ነገም አሉ።

ሁለተኛ፣ እህትህ ሱቅ ስትገባ ይህን ጋዜጣ ፎቶ አንስተህ ላክላት። በር ላይ ትውጣና ሩቅ ያለ ሕንፃ ጣራ ትይ፣ ራሷን ወደ ኋላ ታርቅ፣ መስመሩ ከተዛነፈ ሌላ ፍሬ ታስወጣ። አንድ ዓይነት ስም ካላቸው አምስት መነጽሮች አንዱ የተስተካከለ አንዱ የተዛነፈ መሆኑ የተለመደ ነው። ሻጩ "ከሱቅ አይወጣም" ካላት ሌላ ሱቅ ትሂድ። የእጅ ሻንጣዋ ውስጥ በልብስ ጠቅልላ ትያዘው፣ ከታች በሚጫነው ሻንጣ እንዳታስገባው። የአባትህን መነጽር ደግሞ ራስህ በቢላ እንዳትፈታው፤ ካሜራ ጠጋኝ ጋ ውሰደው። የራሺያ መነጽር ጠንካራ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው አንዲት ብሎን ማዞር ነው። ከተስተካከለልህ በእጅህ ሁለት መነጽር አለህ ማለት ነው፤ አንዱን ለእንግዳህ፣ አንዱን ለራስህ።